የእቴቴ የቅቤ ሰሌዳ

ኮሌጅ ገብተሽ ንግድ ትማሪያለሽ፣ ደግሞ ሥዕል ያስተምሩናል ትይኛለሽ። ዕቃን ለሰው ዓይን ማስረዳት ነው አልሽኝ። ሳቅሁብሽ እንጂ አልገረመኝም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እስከ ዛሬ በአውራ ጣቴ ነው የምፈርመው። ግን በጣልያን ጊዜ አንድ ሙሉ ሁዳዴ ዘጠኝ ነጋዴ ሰብስቤ ይህንኑ አስተምሬያለሁ። ከወደድሽ ጻፊው። ቀስ እያልኩ እነግርሻለሁ፣ ሲደክመኝ ትጠብቂኛለሽ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም አልቆየች። እቴቴ ነበር የምላት። ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ እዚሁ ኮልፌ የቀረች ሴት ናት። ቅቤ ትነግዳለች። ቅቤው ከወሊሶ በኩል በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በአህያ ይመጣላታል፣ እሷ ትቀበልና ገበያ ተቀምጣ ትቸረችረዋለች። አሁን ዓለም ባንክ የምትሉት ሰፈር ሁሉ ያኔ የሽምብራ ማሳ ነው። ገበያው ከወንዙ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ነበር፣ እቴቴም ከባሕር ዛፉ ሥር አንዲት ቦታ ነበረቻት። ቦታ ስልሽ ሱቅ እንዳይመስልሽ። አንድ ቁርበት ቢነጠፍባት የምትሞላ መሬት ናት። ብቻ ጥላ አላት። ለቅቤ ነጋዴ ጥላ ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ቅቤ ከሰዓት በኋላ ዘይት ሆኖ ይፈሳል። ባሏ ከዘመቻ አልተመለሰም፣ ልጅ የላትም። እኔና እሷ የምንበላው ከዚያች ጥላ ነው።

የገበያውን ነገር የሚያዝ አንድ ጣልያን ነበር፤ እኛ ሹሙ ነበር የምንለው። ወፍራም፣ ፊቱ ቀይ፣ እግሩን የሚያመው ሰው ነው። ከሱ ጋር የሚዞር አስተርጓሚ አለ፣ የኛው ሰው። የሶላቶ ጫማ ያደርጋል፣ የቡሽ ቆብ ይደፋል፤ ሰው ፊት ለፊት ጌታው ይለዋል፣ ዞር ሲል ሌላ ይለዋል። ቅበላ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ይህ አስተርጓሚ ሳጥን ላይ ቆመና ተናገረ። ገበያው በረድፍ ይሆናል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ሹሙ ራሱ ይዞራል። እያንዳንዱ ሰው ከቦታው በላይ ሰሌዳ ይስቀል፣ ሰሌዳው ላይ የሚሸጠውን ነገር ይሳል። ጽሑፍ አይሆንም፣ ሹሙ የኛን ፊደል አያነብም። ሥዕሉን አይቶ ማንንም ሳይጠይቅ ያወቀው እንደሆነ ቦታው ይጸናል። ዞር ብሎ አስተርጓሚውን ከጠየቀ ግን ሰውየው ይነሳል፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

"አንተን ቢጠይቅ ምን አለበት?" አለችው እቴቴ። "ለዚህ አይደል የሚያበላህ?"

"አያምነኝማ፣ እማማ። ጉቦ ተቀብዬ ገብሱን ስንዴ ነው የምለው ይመስለዋል።"

"ታዲያ አልተሳሳተማ።"

ሰው ሳቀ። እሱም ቆቡን አስተካክሎ ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ከእቴቴ ጎን ተቀምጬ ስፌት ነበር የምሸጠው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ሹሙ አንድ ሰፌድ ገዝቶኝ ነበር፣ በጥቁርና በቀይ አለላ ፈረስ ያወጣሁበት። ገና ከሩቅ ሲያየው "ካቫሎ" ብሎ ነው የመጣው። አስተርጓሚው ያንን አስታወሰ።

"ያቺ ልጅ ታስተምራችሁ" አለ። "የሷን ሳይጠይቀኝ አውቆታል።"

እንዲህ ሆኜ ነው መምህር የሆንኩት። ደሞዝ የለው፣ ማንም እሺ ትያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝ።

ሁዳዴ ስለሆነ ቅቤ የሚገዛ የለም፣ ዶሮም የሚገዛ የለም፤ ነጋዴው ግማሹ ሥራ ፈትቷል። ዘጠኝ ሆነው ጓሯችን መጡ። አብዛኞቹ በሃያና በሃያ አምስት መካከል ያሉ፣ ንግድ ገና የጀመሩ ናቸው። እኔ ጠዋት ውሃ ቀድቼ፣ ገበያ ውዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ጾም ስፈታ ነው እነሱ የሚመጡት። ገና ጉሮሮዬ በሽሮ ሳይርስ "ጀምሪ" ይሉኛል።  ሰው የሚደክመው ሲያረጅ ይመስልሻል፤ እኔ የያኔውን ድካም እስከ ዛሬ አልደገምኩትም።

ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። እያንዳንዳቸው ከቤታቸው ሰፌድ እንዲያመጡ አደረግኩ። አመድ ነፋሁና ሰፌዱ ላይ ስስ አድርጌ በተንኩት። በጣት ይስሉበታል፤ ሲበላሽ ሰፌዱን ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ ይጠፋል። እሱ ጥሩ ነበር። ሰው እንደሚጠፋ ካወቀ አይፈራም።

የመጀመሪያው ቀን በርበሬ ነጋዴዋ ልጅ ምን ሳለች መሰለሽ? ቤቷን ሳለች። አጥሩን ሳለች። አህያዋን ሳለች፣ ራሷን ከአህያው ጎን አቆመች። በርበሬው ከአህያው ጆሮ ሥር ዝንብ የሚያህል ሆኖ ተቀምጧል።

"ምንድነው የምትሸጪው?" አልኳት።

"በርበሬ።"

"አህያውስ ይሸጣል?"

"ምን በወጣው!"

"እንግዲያው አውጪው።"

"አህያዬን? በምን አምጥታው ነው አይሉኝም?"

የዶሮ ነጋዴው ከጎኗ ነበር። ያ ልጅ አፉ አያርፍም፣ የኔታ ነበር የሚለኝ፣ እንደ ቄስ መምህር። "የኔታ፣ አህያው እንኳ ይቅር፤ እሷን ምን ልናደርጋት ነው? እሷም እኮ አትሸጥም" አለ። እሷም አንድ እፍኝ አመድ ፊቱ ላይ በተነችበት። ያን ቀን ትምህርቱ እዚያ ላይ አለቀ።

እኔ የማውቀው ስፌት ብቻ ነው። ስፌት ላይ ቦታ ጠባብ ነው፤ አለላው ወፍራም ስለሆነ ብዙ ነገር ልክተት ብትይ ምኑም አይለይም። ስለዚህ ትተዪዋለሽ። አንድ ነገር ታስቀሪያለሽ፣ እሱን ታገዝፊዋለሽ፣ ጥቁሩን ከነጩ ታስጠጊዋለሽ። ይህን ነበር የምነግራቸው። ለመንገር ቀላል ነው። ሰው ግን ያለውን ነገር መተው አይወድም፤ ድሃ ደግሞ ጭራሽ አይወድም። ጤፍ ነጋዴው አራት ዓይነት ጤፍ አለኝ ብሎ አራት ክምር ሳለ፤ በአመድ ላይ አራቱም አንድ ናቸው።

ከቤታችን አጥር አጠገብ መንገድ ያልፋል፤ ከጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ማታ ማታ ያልፉበታል። ጀርባቸው ጎብጦ፣ አንገታቸው ወደ መሬት ተደፍቶ፣ ዓይናቸውን ብቻ ወደ ላይ እየገለጡ። አንድ ቀን ሰፌዱን አንስቼ አጥሩ ላይ ደገፍኩትና "እናቴ፣ ይሄ ምንድነው?" ብዬ አንዷን ጠየቅኋት። አልቆመችም። አንድ ጊዜ አየችና "እኔ እንጃ" ብላ አለፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነሱን ዳኛ አደረግኳቸው። ከነሱ የሚብስ ዳኛ አላየሁም። የደከመ ዓይን አይፈልግም። ካገኘ አገኘ፣ ካላገኘ ያልፋል። ለተማሪዎቼም "ሹሙ እግሩን ያመዋል፤ እሱም እንደነዚህ ሴቶች ደክሞት ነው የሚያልፈው። ለደከመ ሰው ሳሉ" አልኳቸው።

ከሁሉም ጎበዝ የነበረው ጨው ነጋዴው ነው። ዝምተኛ፣ ቀጭን ልጅ ነው፣ አሞሌ ጨው ነው የሚሸጠው። አሞሌውን እንዳለ ሳለው፤ ረዘም ያለ፣ አራት ማዕዘን። እንጨት ተሸካሚዎቹ አንዷ ሳሙና አለች፣ አንዷ ጡብ አለች፣ አንዷ ደግሞ "የማንን ሬሳ ሳጥን ነው የምታሳዩኝ?" ብላ ተቆጣች። ሦስት ቀን እየሳለ ሲያጠፋ ሰነበተና በአራተኛው ቀን ከአሞሌው ጎን የላም ምላስ ሳለ። ላሟ የለችም። ምላስ ብቻ ከዳር ወጥቶ አሞሌውን ይልሳል። ያን ዕለት ማታ ሰባት ሴቶች አለፉ፣ ሰባቱም ሳይቆሙ "ጨው" አሉ። እኔ ደስታው ድካሜን አስረሳኝ። የሱን ሰፌድ አንስቼ ለሁሉም አሳየሁ፤ እንዲህ ነው የሚሳለው አልኩ። ምንም እንዳትነካው፣ እንዳለ ሰሌዳው ላይ አድርገው አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

ጣጣው የመጣው በዶሮ ነው።

የዶሮ ነጋዴው ዶሮዋን ከጎን ሳላት፣ ጭራዋም እግሯም ጥሩ ነው። ፊቷ ላይ ግን ሁለት ዓይን አደረገላት፣ ጎን ለጎን፣ ድቡልቡል ያሉ። አጥሩ ላይ ደገፍነው። ሴትየዋ አየችና ደንግጣ አማተበች።

"ጉጉት በቀን ታሳዩኛላችሁ?"

ሁሉም በሳቅ ወደቁ። እኔም ስቄ "አንዱን ዓይን አጥፋው፣ ከጎን የታየች ዶሮ አንድ ዓይን ናት ያላት" አልኩት። ይህን ስል ሳቁ ቆመ። በስፌት ላይ ዓይን አይወጣም፣ ስፌቱ አይችለውም፤ ስለዚህ እኔ ስለ ዓይን አስቤ አላውቅም ነበር። እነሱ ግን በአንድ ጊዜ ወደ እቴቴ ዞሩ። እቴቴ ደጃፉ ላይ ሽምብራ ትለቅማለች።

"ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ አታውቂም?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "ግድግዳው ላይ አንድ ዓይን ያለው ማነው?"

አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያይሻል። ሰይጣንና ጌታን የገረፉት ናቸው በአንድ ዓይን የሚሳሉት።

"ዶሮ ናት እኮ፣ እቴቴ።"

"ዶሮዋንስ ምን ብለሽ ነው ከገራፊዎቹ ጋር የምታቆሚያት?"

የዶሮ ነጋዴው የንስሐ አባቱን ሄዶ ጠየቀ። ሽማግሌው ምን አሉት መሰለሽ፣ "ልጄ፣ ዶሮ ጽድቅም ኩነኔም የላትም፣ እንደተመቸህ አድርጋት።" እሱ ሲመለስ ሌሎቹ ተረጋጉ። የበግ ነጋዴው በግም ዶሮዋም ዓይናቸው አንድ አንድ ሆነ። እቴቴ ብቻ እንቢ አለች። የሷ ሰሌዳ ላይ እኔ ላም ልስል ነበር ያሰብኩት፣ ጡቷ የሞላ፣ ከጎን።

"የንስሐ አባቱ ቅቤ አይሸጡም" አለችኝ። "ስሚኝ። ቅቤ የሚገዙኝ ሴቶች ገና ሳይቀምሱ ዓይን እንዳይገባበት ብለው በነጠላቸው ይሸፍኑታል። ከራሴ በላይ አንድ ዓይን አፍጥጦባቸው ማን ይገዛኛል?"

እውነቷን ነበር፣ አሁን ሳስበው። ያኔ ግን ደክሞኝ ስለነበር እውነት የማይ ሰው አልነበርኩም። ሌላ ነገር ሞከርኩ። የቅቤ ጉብጉብ ሳልኩ፤ እንቁላል አሉኝ፣ ድንጋይ አሉኝ። በኮባ የተጠቀለለውን ሳልኩ፤ ቆጮ ነው አሉ፣ አንዷ ሕፃን ልጅ ናት አለች። የሚናጥበትን ቅል ሳልኩ፣ ውሃ አሉኝ። ቀኑ እያለቀ ነው። ሌሎቹ ከጣልያን ሳጥን ጣውላ እየነቀሉ፣ በኖራ፣ በከሰልና በቀይ አፈር፣ ሙጫ እየቀላቀሉ ሰሌዳቸውን ጨርሰዋል። ያስተማርኳቸው ሁሉ ሰሌዳ አላቸው፣ የኛ ጣውላ ባዶውን ግድግዳ ተደግፏል።

የሆሳዕና ዋዜማ እቴቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ላሟን ሳልኳት። ጥሩ ላም ናት፣ እጄ እንደዚያ ታዞልኝ አያውቅም። በአንድ ዓይኗ። ካየችው ትቀበለዋለች፣ ምን ታደርጋለች አልኩ። መጣች፣ ነጠላዋን ሳታወርድ አየችው።  ውሃ በቅል ቀዳች፣ በጨርቅ ጠረገችው፤ ኖራው ወደ ታች ፈሰሰ፣ ከሰሉ ፈሰሰ።

"እቴቴ፣ የዚያን ሰኞ ሹሙ ካላወቀው ቦታችን ይሄዳል። ቦታው ከሄደ ሴቶቹ የት ያገኙሻል?"

"አንቺ ሹሙን ብቻ ነው የምታዪው። እሱ አንድ ቀን ያየኛል። እነሱ ዓመቱን ሙሉ ያዩኛል።"

"አንድ ቀን ካላለፍሽ ዓመቱ የለም።"

 ጨርቁን ጨምቃ አሰጣች። ያን ሳምንት ሕማማት ስለሆነ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ እኛ ግን ዝምታችን የሕማማቱ አልነበረም። ሌሊት ሳልተኛ፣ ቀን ስግደት፤ ለምን ይህን ሁሉ ሰው አስተማርኩ፣ የራሴን ቤት ሳላድን እል ነበር።

ፋሲካ ሆነ። ተበላ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች፣ ጎረቤታችን መጥታ የእቴቴን ጠጉር ፈትታ ሠራችላትና ቅቤ አደረገችላት። ሁዳዴውን በሙሉ አልተቀባችም ነበር። ነጭ ለጋ ቅቤ፣ አናቷ ላይ ጉብ ብሎ፣ ቀስ እያለ ወደ ግንባሯ ይወርዳል። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ትሞቃለች። እኔ ከአጥሩ ጎን ልብስ አሰጣለሁ። የዶሮ ነጋዴው ባዶ የዶሮ ቀፎውን ተሸክሞ በመንገዱ ማዶ ያልፋል። በፋሲካ ሽያጭ ድካም ሞቷል፣ እግሩን እየጎተተ ነው። አልቆመም፣ ፊቱን ብቻ መለስ አድርጎ ጮኸ።

"እቴቴ! ቅቤውን ገበያ ሳያወጡት እዚያው ጨረሱት?"

"ሂድ ወደዚያ" አለችው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። "አንተ ዶሮ ስትበላ ማን ተናገረህ?"

እኔ ልብሱ ከእጄ ወደቀ። ያ ልጅ ደክሞታል፣ ከመንገድ ማዶ ነው፣ አልቆመም። ግን አንድ ጊዜ አይቶ "ቅቤ" አለ። ባዶውን ጣውላ አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ፣ ከሰልና ኖራ አመጣሁ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"አንቺን ልስል። እንዳትነሺ።"

"እኔ ምን ጉድ ነኝ?"

"ራስሽን፣ ጠጉርሽን፣ ከላዩ ቅቤውን። ሌላ ምንም።"

ወደ ግንባሯ የወረደውን ቅቤ በጣቷ መለሰች። በኋላ "ፊት ለፊት?" አለችኝ።

"ፊት ለፊት።"

"ሁለቱንም ዓይን?"

"ሁለቱንም።"

ያኔ ዓይኗን ገለጠች። ጠጉሩን በከሰል አጠቆርኩት፣ ከላይ ኖራውን በወፍራሙ፣ ወደ ግንባር የሚወርድ አንድ ጠብታ ጨመርኩ። ሹሙ ይህን ሁልጊዜ ያያል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ከቅቤ ራስ ሴቶች አጠገብ ሲያልፍ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው ነው። ማታ አጥሩ ላይ ስደግፈው እንጨት ተሸካሚዎቹ "ቅቤ" እያሉ አለፉ። አንዷ "ይብላኝ ለኛ፣ ደረቅ ራስ" አለች።

ሰኞ ደረሰ። ሰሌዳዎቹ በእንጨት ላይ ተሰቅለው በረድፍ ቆመዋል። እኛን ከሜዳው ዳር አቆሙን፤ ባለቤቱ ሰሌዳው አጠገብ እንዳይታይ ነው፣ በእጃችሁ ትጠቁማላችሁ ብለው። ፀሐይዋ ትፋጃለች። ሹሙ መጣ፣ በትሩን ተደግፎ፣ ላቡን እየጠረገ። ከኋላው አንድ ሶላቶ ኖራ በጣሳ ይዟል፣ ሹሙ ያወቀው ሰሌዳ የተሰቀለበት እንጨት ላይ ምልክት ያደርጋል። አስተርጓሚው አፉን ዘግቶ ይከተላል።

በርበሬዋን አወቃት። አህያም ቤትም የለ፣ አንድ ትልቅ ቀይ በርበሬ ብቻ። ጤፍ ነጋዴው እጅ ሙሉ እህል ነበር የሳለው፣ እሱንም አወቀ። ዶሮዋ ጋ ሲደርስ "ጋሊና" ብሎ በትሩን ወደ ሰሌዳው አነሳ። የዶሮ ነጋዴው ከአጠገቤ "ስሟን አወጣላት፣ የኔታ" አለኝ በሹክሹክታ።

እቴቴ ጋ ደረሰ። ቆመ። እኔ የእቴቴን ክንድ ይዣለሁ፣ ክንዷ ቀዝቃዛ ነው። ሹሙ አየ፣ ራሱን ዘንበል አደረገ። አስተርጓሚው ግንባሩን ያብሳል። ሹሙ እጁን አንስቶ የገዛ ቆቡን ነካ፣ ከዚያ አፍንጫውን ያዘ። "ቡሮ" አለና ለሶላቶው በእጁ ጠቆመ። ኖራው ተቀባ። ቡሮ ማለት ቅቤ መሆኑን እኔም እቴቴም እናውቀዋለን፣ የጣልያኖቹ ወጥ ሠሪ ሲገዛት እንደዚያ ነው የሚለው።

እቴቴ አልሳቀችም፣ እልልም አላለች። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

የመጨረሻው የጨው ነጋዴው ነበር። እኔ እሱን ምንም አልፈራሁለትም። ሹሙ ሰሌዳውን አየ። ምላሱን አየ፣ አሞሌውን አየ። አንድ ነገር አለ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላ ነገር አለ። ከዚያ ወደ አስተርጓሚው ዞረ።

ለካ በሱ አገር ጨው እንደ ዱቄት ነው። አሞሌ አይቶ አያውቅም፣ ወይ አይቶ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ምላስና ድንጋይ ነው ያየው። ስጋ ሻጭ ነው ብሎ አስቦ እንደነበር በኋላ አስተርጓሚው ነገረን። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሰባቱም ያወቁት ስለሚያውቁት ነው። እኔ የጠየቅኩት የኛን ሰው ብቻ ነው፤ ሹሙ በአገሩ ምን ዓይነት ጨው አይቶ እንዳደገ ለአንድም ቀን አላሰብኩም። እቴቴ ሹሙን ብቻ ነው የምታዪው ስትለኝ፣ እሱንስ መች አየሁት።

ልጁ ሰሌዳውን ከእንጨቱ አወረደ፣ ብብቱ ሥር አደረገው። እኔ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። "እንዳለ ተወው ያልኩህ እኔ ነኝ" አልኩት።

"እኔ ነኝ የሳልኩት" አለኝ።

የሱ ቦታ እዚያው በዚያው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ገበያው ሲከፈት ሁሉም ወደ ቦታው ገባ፣ እሱ አሞሌውን በጆንያ እንደተሸከመ መንገዱ ላይ ቆሟል። ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አይመስልም። እቴቴ ቁርበቷን አንጥፋ ቅቤውን ካሰናዳች በኋላ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ የኮባ ጥቅልሎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ግራ አስጠጋቻቸው። እኔንም በክርኗ ገፋችኝ፣ ከጥላው ወጣሁ።

"ና" አለችው።

መጣ።

"አስቀምጠው።"

"እማማ፣ ቦታዎ ጠባብ ነው። ሹሙ ቢያይስ? ሰሌዳው ቅቤ ነው የሚለው።"

"ቅቤ ያለ ጨው ይነጠራል? የቅቤ ነገር የሚገባው ማነው፣ እሱ ነው ወይስ እኔ?"

"ሰሌዳው ላይ ይጨመር?" ብዬ ጠየቅኋት፣ እጄ ገና ከሰል ነው።

"ደክሞኛል" አለች እቴቴ። "ዛሬ ምንም አትሳይ። ቁጭ በሉ።"

ልጁ ጆንያውን አወረደ። ሁለት አሞሌ አውጥቶ ከቅቤው ጎን አቆማቸው። እኔ ፀሐዩ ላይ ተቀመጥኩ።